ጺሜ በሜካፑ ሥር ያጠላብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። 34 ዓመቴ ነው፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ወንድ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሴት ልብስ መልበስ ያስደስተኛል። ለዓመታት ተደብቄ ነበር የማደርገው። አሁን ብቻዬን ስለምኖር ቅዳሜ ማታ ለብሼ፣ ነገሩን ከሚያውቁ ሁለት ጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ። ችግሬ ጺሜ ነው። ጠይም ነኝ፤ ጺሜ ጥቅጥቅ ያለና ጥምዝምዝ ነው። የቻልኩትን ያህል አጥብቄ እላጫለሁ፤ አገጬና የላይኛው ከንፈሬ አካባቢ ያለው ጥቁረት ግን አይጠፋም። ፋውንዴሽን ስደራርብበት አመድ የተነሰነሰብኝ እመስላለሁ። አንገቴ ደግሞ በብጉር ተሞልቷል። በቅርቡ የሀበሻ ቀሚስ ለብሼ ከጓደኞቼ ጋር ስቱዲዮ ፎቶ ልንነሳ ነው። ሌዘር ልጀምር ብዬም አስባለሁ፤ ግን ሥራ ቦታና ቤተክርስቲያን ሰው ምን ይለኛል? አንዳንዴማ ጤነኛ መሆኔንም እጠራጠራለሁ። ቅዳሜን ጠባቂ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እሱ እየከነከነህ ስለ ቀለምና ስለ ፓውደር ባወራህ ልብህ አይሰማኝም።

ጤነኛ ነህ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የሌላ ጾታ ልብስ መልበስን በበሽታነት አልያዘውም። በቀድሞው ዝርዝር ውስጥ የነበሩት ስያሜዎች ወጥተዋል። ቀሚስ መውደድህ ብቻውን ማንን እንደምታፈቅር አይናገርም፤ ስለ ጠባይህም ክፉ ነገር አይመሰክርም። ቅዳሜ ማታ የምትደሰትበት፣ ማንንም የማይጎዳ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን ተሸክመኸው ስለኖርክ ግን አዝኛለሁ። ሁለት ጓደኛ ማግኘትህ ደስ ብሎኛል፤ ያዛቸው።

አሁን ወደ ጺሙ። ደብዳቤህን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። አንተ ጥላውን በሁለት መንገድ ልታሸንፈው እየሞከርክ ነው፦ አጥብቀህ በመላጨትና ብዙ በመቀባት። ሁለቱም እያባሱብህ ነው። ለአንተ ዓይነት ቆዳ የሚበጀው ባብዛኛው ቀን ቀለል አድርጎ መላጨት፣ በዕለቱም ስስ አድርጎ መቀባት ነው።

መጀመሪያ ጥላው ምን እንደሆነ እንይ። ጠይም ቆዳ ላይ ጥላው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከቆዳው ሥር የቀረው የጸጉሩ ግንድ ነው። የቱንም ያህል ብትላጭ ከላይ ያለውን ነው የምትቆርጠው፤ ሥሩ በቆዳው ውስጥ አሳልፎ ይታያል። ሁለተኛው ብጉሩ ትቶት የሚሄደው ጠባሳ፣ ማለትም ማዲያት የመሰለው ጥቁረት ነው። ተላጭተህ መስኮት አጠገብ ቁምና ቆዳህን በጣትህ ወጠር አድርገህ እየው። ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው ጸጉር ነው። ደመና መስሎ የተዘረጋው ቡናማ ነገር ብጉሩ የተወው ምልክት ነው። ጸጉሩን ሜካፕ ይሸፍነዋል። ምልክቱን ግን አንተው ነህ በየሳምንቱ የምትጨምርበት፤ ስለዚህ መቀነስም ትችላለህ።

እንዴት እንደምትጨምርበት ልንገርህ። ባለ ብዙ ምላጩ መላጫ ሲያልፍ የፊተኛው ምላጭ ጸጉሩን ሳብ ያደርገዋል፤ ተከታዩ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ተመልሶ ከቆዳው በታች ይገባል። ቀጥ ያለ ጸጉር ቢሆን ዝም ብሎ በቀዳዳው ይወጣል። ያንተ ጥምዝ ስለሆነ ጫፉ ሹል ሆኖ ዞሮ ራሱን ቆዳህን ይወጋዋል። ሰውነትህ እንደ እሾህ ይቆጥረውና ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንዳንዴ መግል ይቋጥራል። ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። ይሄ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። ጸጉራቸው ጥምዝ የሆነ ጥቁር ወንዶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ሳሙና ብታበዛበትም አይጠፋም።

ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምላጭ አትንካ። በቶንዶዝ ወይም በትንሽ የጺም ማሽን አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርተህ አሳጥረው። ሥራ ቦታ ማንም ምንም አይልህም፤ ግማሹ የሀበሻ ወንድ እንደዚያ ነው የሚሄደው። ቆዳህም ለማረፍ ጊዜ ያገኛል። ጠበቅ ያለውን መላጨት ለቅዳሜ ብቻ ተወው። በየቀኑ ተላጭተህ ቅዳሜ በብጉር ላይ ከመቀባት፣ በሳምንት አንዴ ያረፈ ቆዳ ላይ መላጨት ይሻላል።

የቅዳሜው መላጨት ደግሞ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሙቅ ሻወር ግባ፤ ጸጉሩ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። ጄል ወይም ክሬም ተቀባና ጥቂት ደቂቃ አቆየው። ከዚያ በአዲስ ምላጭ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ተላጭ። አንገት ላይ ተጠንቀቅ፣ እዚያ ጸጉር በየአቅጣጫው ነው የሚበቅለው፤ በጣትህ ዳስሰህ እወቀው። ቆዳህን አትወጥር፣ ምላጩን አትጫን። ካስፈለገህ ክሬም ደግመህ ተቀብተህ ወደ ጎን አንዴ ልትደግም ትችላለህ። ከታች ወደ ላይ፣ ከአበቃቀሉ በተቃራኒ ግን አትሂድ። ለስላሳነቱ ለዚያች ሌሊት ደስ ይላል፤ ማክሰኞ ግን ታለቅሳለህ። አንድ ምላጭ ብቻ ያለው መላጫ ለአንተ ዓይነት ጸጉር የተሻለ ነው።

በጉጠት መንቀል፣ በክር ማስነሳት፣ ሰም መለጠፍ ለጺም አይሆኑም። ጸጉሩ ከውስጥ ይሰበርና ሲበቅል ቆዳው ሥር ተጠምዝዞ ይቀራል። ለቅንድብ ግን ክር እሺ።

ጺም በቀን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ያድጋል። ጠዋት ተላጭተህ ማታ የሚያጠላብህ ለዚህ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የምትወጣ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት አካባቢ ተላጭ። ከተላጨህ በኋላ ፊትህን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፣ አልኮል የሌለው ቀለል ያለ ሎሽን ተቀባ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይ። ቫዝሊንና ሌላ ወፍራም ቅባት ለዛሬ ይቅር፤ ሜካፑን ያንሸራትተዋል።

አሁን ስለ አመዱ። ይሄን በደንብ ላብራራው፣ ምክንያቱም ብዙ ጠይምና ጥቁር ሰው በዚህ ተሰቃይቷል፤ ሜካፕ የምሠራላቸው ሙሽሮቼም ጭምር። ፋውንዴሽን ውስጥ ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። ያንተ ጥላ ሰማያዊና ጥቁር የተቀላቀለበት ነው። ነጣ ያለ ነገር በሰማያዊ ጥቁረት ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ግራጫ ነው። በደረብክ ቁጥር ግራጫው ይወፍራል እንጂ አይጠፋም። መጀመሪያ ሰማያዊውን የሚገድል ቀለም ያስፈልግሃል። የሰማያዊ ተቃራኒ ብርቱካናማ ነው። ቀይ መልክ ያላቸው ሰዎች የኮክ ፍሬ ዓይነት ፈዛዛ ቀለም ይበቃቸዋል። የቀይ ዳማና ጠይም ሰው ደህና አድርጎ ብርቱካናማ የሆነውን ይፈልጋል። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ወደ ቀይ የሚያደላው ነው የሚሠራው። ፈዛዛውን ጠይም ቆዳ ላይ ካደረግከው እሱም ራሱ አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ ሻጯ የሰጠችህን የመጀመሪያውን አትውሰድ። ኮሬክተር ብለህ ጠይቅ፣ ክሬም የሆነውን።

ይህ የመድረክ ሰዎች ጥበብ ነው። እኛም አገር በዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ተዋንያን የመጡት በኋላ ነው። ለመድረክ የሚሠሩ ሜካፖች ዛሬም ከተራው ጠንከር ያሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በርሊን ያለው ክራዮላን፣ ወይም የአሜሪካኑ ቤን ናይ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ክሬሞች አላቸው። የግድ እነሱ ይሁኑ ማለቴ አይደለም። ኮሬክተር እስክትገዛ ድረስ ማት የሆነ፣ የማያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሊፕስቲክም ለሙከራ ያገለግላል። ግን ስስ አድርገህ፤ ሊፕስቲክ በዝቶ ከተቀባ ከላይ ያለውን ፋውንዴሽን ያቀላዋል።

አቀባቡን ልብ በል። ኮሬክተሩን ሙሉ ፊትህን አትቀባ። ጥላው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ፦ ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ አገጭ፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር፣ የመንጋጋው መስመር። በጣትህ ውሰድና መታ መታ እያደረግህ አስገባው። የጣትህ ሙቀት ክሬሙን ያቀልጠዋል። አትሸው፤ ስታሸው ጥላው ላይ የነበረውን ወደ ጎን ትገፋዋለህ፣ ጥላው ተመልሶ ይወጣል። ሲያልቅ መስታወት ውስጥ ብርቱካናማ ጺም ያለው ሰው ታያለህ። አትደንግጥ፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ሰማያዊነቱ እስኪጠፋ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አትጨምር።

ከዚያ ቀለም የሌለው ፓውደር ስስ አድርገህ በፓፍ ተጫነው። ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በፓውደር ያልጸና ብርቱካናማ ደግሞ ከፋውንዴሽኑ ጋር ይቀላቀልና ፊት እንደ ካሮት ይሆናል። ፓውደሩ ካረፈ በኋላ ፋውንዴሽኑን በእርጥብ ስፖንጅ፣ አሁንም መታ መታ አድርገህ። አንድ ስስ ንጣፍ፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ ካስፈለገ ሌላ ስስ ንጣፍ። በመጨረሻ እንደገና ፓውደር፣ ከላዩ የሚያጸና ስፕሬይ። ከንፈር አካባቢ በጣም ቀንስ። እዚያ ስታወራና ስትስቅ ስለሚንቀሳቀስ ወፍራም ሜካፕ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ ዓይን ይስባል።

የፋውንዴሽኑን ቀለም እጅህ ላይ ሳይሆን አንገትህና ደረትህ ላይ ሞክር፣ ውጭ ወጥተህ በቀን ብርሃን እየው። ጠይም ቆዳ ሥሩ ቢጫ ወይም ወርቃማ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ቀይም ሊያደላ ይችላል። የአንድ ጠይም ቀለም ለሌላው ጠይም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንቲ ቢዩቲ በ40 ዓይነት ቀለም ከወጣ ወዲህ ሌሎቹም ጠይምና ጥቁር ቀለሞችን አብዝተዋል፤ ዛሬ የራስህን ማግኘት እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። ትንሽ ቀላ ልበል ብለህ አንድ ደረጃ ነጣ ያለ እንዳትገዛ። እለምንሃለሁ። አመዱ ከዚያም ይመጣል፤ ደግሞም ጠይምነትህ ያምርብሃል።

በዚያው ላይ፣ ማዲያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል እየተባሉ በየሱቁ የሚሸጡ ክሬሞችን አትንካ። ሃይድሮኪኖን ያለበት ክሬም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ተደርጓል። ከውጭ በሻንጣ ከሚገቡት መካከል ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ የተገኘባቸው አሉ። ለምልክቱ የሚጠቅምህ ብጉሩን ማቆም፣ በየቀኑ የጸሐይ መከላከያ መቀባትና ጊዜ ነው። ማታ ማታ ሳሊሲሊክ ወይም ግላይኮሊክ አሲድ ያለበት መታጠቢያ ወይም ፈሳሽ ይረዳል፤ የተላጨህበት ቀን ግን ተወው፣ ያቃጥልሃል። ጠባሳህ እያበጠ የሚቀር ዓይነት ከሆነ፣ ወይም መግሉ ከበዛ፣ ራስህን በራስህ አታክም፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ሌዘርን በተመለከተ፣ ለጥምዝ ጺምና ለዚህ ዓይነት ብጉር ከሚታዘዙ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ይሄ ማለት ሐኪሙ ዘንድ ስትሄድ «ስላጭ ፊቴ በብጉር ይሞላል» ብትል እውነቱን ነው የተናገርከው። ሌላ ምክንያት የመናገር ግዴታ የለብህም። ሰው ቢጠይቅህም መልሱ ያው ነው፦ መላጨት አሳመመኝ።

ግን ማሽኑን ጠይቅ። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የተሻለው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው። ጨረሩ ጠልቆ ስለሚገባ የላይኛውን ቆዳ ቀለም ብዙ አይነካም። 755 የሆነው አሌክሳንድራይት ለነጣ ቆዳ ነው የሚመቸው፤ ባንተ ላይ ሊያቃጥልና ሊያጠቁር ይችላል። ማሽናቸውን ሊነግሩህ ካልፈለጉ፣ ወይም መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ካልሞከሩልህ፣ ውጣ። አንዴ ብቻ አይበቃም፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እየቆየህ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለ። መጀመሪያ ላይ ጺም አካባቢ ያማል። ጸጉሩን ያሳሳል፣ ጥላውን በጣም ይቀንሳል፤ ጨርሶ ያጠፋል ብሎ ቃል የሚገባልህን አትመን። ሽበት ላይ አይሠራም። ጨርሶ የሚያጠፋው ኤሌክትሮሊሲስ ነው። እያንዳንዱ ጸጉር ሥር ቀጭን ሽቦ እየገባ ነው የሚሠራው። ለሙሉ ጺም ከመቶ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ወጪውንም አስበው።

ሌላም ማሰብ ያለብህ ነገር አለ። ጺምህን ትፈልገው ይሆን? አንዳንድ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ጺሙን ይወደዋል። ሐዘን ሲመጣ ጺም ማሳደግ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ አባት ወይም እናት ሞቶበት ማሳደግ ያልቻለን ወንድ ሰው ልብ ብሎ ያየዋል፣ እሱም ራሱ ይሰማዋል። ይሄ ያስጨንቅሃል ወይስ ግድ የለህም? መልሱን የምታውቀው አንተ ነህ። ገና እያመነታህ ከሆነ ከአንገት ጀምር። ብጉሩ የበዛው እዚያ ነው፣ ከጠፋም ማንም ልብ አይልም። የፊቱን በሚቀጥለው ዓመት ትወስናለህ።

ወደ ፎቶው ልመለስ፣ ደብዳቤህ ውስጥ በጣም ደስ ያለኝ እሱ ነው። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለአንተ ዓይነት ችግር ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ፣ ነጩ ሸማ ብርሃኑን ወደ ላይ ወደ አገጭህ ይመልሰዋል፤ ከአገጭ ሥር ያለው ጨለማ ይቀንሳል። ነጠላውን አንገትህ ላይ ዞር አድርገህ ትከሻህ ላይ ስትጥለው አንገትህንና የመንጋጋህን ጠርዝ ያለሰልሰዋል። መጥፎነቱ፣ ነጭ አጠገብ አመድ የሆነ ፊት ጎልቶ ይታያል፤ ፋውንዴሽንም ጥለቱ ላይ ከነካ ማስለቀቁ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ቀሚሱን መጀመሪያ ልበስ፣ በላዩ ፎጣ ጣል አድርግ፣ ከዚያ ተቀባ። ነጠላው ከሁሉ በኋላ ነው። አንገትህ ላይ ኮሬክተር አታውርድ፤ ብጉር ካለም ነጠላው ይሸፍነዋል።

የጸሐይ መከላከያ ያለበት ፋውንዴሽን ለፎቶ አይሁን፤ ፍላሽ ሲመታው ፊት ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አንዳንድ በጣም ነጭ የሆኑ ፓውደሮችም እንደዚያ ያደርጋሉ። ፎቶ አንሺውን መብራቱ ከፊት ለፊት፣ ከዓይንህ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲሆንልህ ጠይቀው። ከአናት በላይ የሚመጣ መብራት ከአፍንጫና ከአገጭ ሥር ጥላ ይጥላል፣ የደከምክበትን ሁሉ ያበላሸዋል። ዓይንህ ላይ ግን ጊዜ ውሰድ። ኩል በደንብ ከተኳልክ፣ ቅንድብህ ከተስተካከለ፣ ሹሩባው ወይም ዊጉ ጉንጭህ ላይ ትንሽ ወረድ ካለ፣ ሰው የሚያየው ዓይንህን ነው። ከንፈርህን ለስለስ ባለ ቀለም ተቀባ። ደማቅ ቀይ ለሌላ ጊዜ ይቆይህ፤ ዓይንን በቀጥታ ወደ ጥላው ይጠራል።

ፎቶዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር። ማን ጋር እንደሚቀመጡ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። የእኛ ማኅበረሰብ ትንሽ ነው፣ ፎቶ ደግሞ በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደርሳል። እዚያ ቤተሰብ ሊኖርህ ይችላል። ስቱዲዮው በገጹ ላይ እንዳይለጥፈው አስቀድመህ በጽሑፍ አስፈርመው።

ማታ ስትመለስ ሜካፑን በዘይት ወይም በማጽጃ ክሬም አቅልጠህ አንሳው፣ ከዚያ በለስላሳ ሳሙና ታጠብ። በሻካራ ነገር አትፈትግ።

ከፎቶው ቀን በፊት አንድ ቅዳሜ ሙሉውን ሞክረው። በዚያው ሰዓት ተላጭ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ተቀባ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ እራትህን ብላ፣ ቡና ጠጣ። ከተቀባህ አራት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ መስኮት ዳር፣ ከዚያም በስልክህ ፍላሽ ራስህን አንሳ። ላብ ከወጣህ አትጥረግ፤ ላብ የሚመጥ ስስ ወረቀት ተጫንበትና በላዩ ትንሽ ፓውደር። ጥላው መጀመሪያ የሚወጣው የት ላይ እንደሆነ ያኔ ታውቀዋለህ፤ ብዙ ሰው ላይ ከላይኛው ከንፈር በላይ ነው። ለዕለቱ ወረቀቱንና ፓውደሩን አንዱ ጓደኛህ ቦርሳው ውስጥ ይያዝልህና በየአምስት ስድስቱ ፎቶ መሃል እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አንዴ ይጫንልህ።